ከድሬዳዋ፦ ስለ አኮርዲዮንህ ግራ እጅ

ይድረስ ለውድ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ስለ ሙዚቃ ብቻ መጻፌ ያስቅህ ይሆናል፤ ነገር ግን በቀኝ በኩል የሶል (G) እና የዶ (C) የቁልፍ ረድፍ፣ በግራ 8 የቤዝ (ወፍራም አጃቢ ድምፅ) ቁልፎች ያሉት ዲያቶኒክ አኮርዲዮን እንደገዛህ፣ በሰርግ ላይም ዘፋኙ ኪ (የዜማውን መነሻ ድምፅ) በለወጠ ቁጥር ግራ እጅህ ከዜማው እንደሚጣላብህ ከእኅትህ ስለሰማሁ፣ እንደ ድሮው ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር የምንከራከር ይመስል ልመልስልህ ወደድሁ።

ዜማውን የሚጫወተው ቀኝ እጅ ቢሆንም፣ በእኔ እምነት ኪውን መምረጥ ያለበት ግራው ነው። ወናፉ (አየር የሚነፋው ተጣጣፊ ክፍል) ሲገፋና ሲሳብ አብዛኛው ቁልፍ የተለያየ ድምፅ ስለሚሰጥ፣ በተለመደው አሠራር የዶና የሚ ቤዝ በመግፋት ብቻ፣ የሬና የላ ቤዝ ደግሞ በመሳብ ብቻ ይገኛሉ፤ በሁለቱም በኩል የሚገኙት ሶልና ፋ ናቸው። ስለዚህ ትዝታ ሜጀርን (ባለ አምስት ድምፁን ቅኝት) ከሶል ብትጀምር፣ ወናፉ ወዴትም ቢሄድ የመነሻው ቤዝ ከእጅህ አይጠፋም፤ ለረጅም ጭፈራ ከዚህ የሚመች ኪ አላውቅም። ከዶ ስትጀምር ግን የዜማው ላ በሁለቱም ረድፍ በመሳብ ብቻ ስለሚወጣ፣ ከሥሩ በዶ ፈንታ ፋን ትይዛለህ።

ደስ የሚለኝ ትዝታ ማይነር ነው። ከላ ስትጀምር ላን፣ ሲንና ፋን ከዶ ረድፍ፣ ዶንና ሚን ከሶል ረድፍ ብትወስድ አምስቱም ድምፆች በመሳብ ይገኛሉ፤ የላና የፋ ቤዝም እዚያው አሉ። ወናፉ ተከፍቶ ሲያልቅብህ ሚን ከዶ ረድፍ በመግፋት ተጫወትና የሚን ቤዝ ከሥሩ ጨምርለት። ከሚ ስትጀምር ነገሩ ይገለበጣል፤ ሚ፣ ሶል፣ ሲና ዶ ከሚና ከዶ ቤዝ ጋር በመግፋት ሲገኙ፣ ፋ ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ፋ) ብቻ በመሳብ ስለሚመጣ በእርሱ ላይ ግራ እጅህን አንሣ።

ጠቡን የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ኮርዱ፣ ማለትም በአንድነት የሚሰሙት ድምፆች ስብስብ ነው። የላ ኮርድህ ሜጀር ከሆነ ዶ ሻርፕ፣ የሚው ደግሞ ሶል ሻርፕ አለበትና ከማይነሩ ትዝታ ጋር አይስማሙም። አኮርዲዮንህ የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ (ሜጀር ወይም ማይነር የሚያደርገውን) የሚዘጋ ማስተካከያ ካለው ዝጋው፤ ከሌለው ቤዙን ብቻ ንካ። የፋ ኮርድ ግን ፋ፣ ላና ዶ ስለሆነ በላ ትዝታ ላይ ያለ ስጋት ምታው። ዘፋኙ ትዝታ ሜጀርን ከሲ ቢሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ካለ ሲ) ልጀምር ካለህ ቤዙ ስለሌለህ ወደ ዶ ከፍ እንዲል ለምነው፤ እምቢ ካለ ግራውን ለቤዝ ጊታሩ ተውለት።

ስትመጣ መሣሪያውን በዚህ በድሬ ፀሐይ መኪና ውስጥ አትተወው፤ የብዙዎቹ አኮርዲዮኖች ድምፅ የሚሰጡት ምላሶች በሰም የተያያዙ ናቸው። የዘፋኛችሁ ድምፅ ከየት ሲጀምር እንደሚመቸው ጻፍልኝና ባቲ ለተባለው ቅኝት የሚስማማውን ቤዝ አብረን እንፈልጋለን።

ያንተው ወዳጅ፣
ከድሬዳዋ