የድንገተኛ ማጠቢያው ውኃ ሙቀትም ይመርመር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በጎጃም የማምረቻ ድርጅቶች እየበዙ ሲመጡ ኬሚካል ለተረጨበት ሠራተኛ የሚሆን የዓይን ማጠቢያና የድንገተኛ ሻወርም በየቦታው መተከሉ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ለቁጥጥር የሚመጡ ባለሙያዎች የሚያዩት መሣሪያው መኖሩንና ውኃ መውረዱን ብቻ መሆኑ ያሳስበኛል። የሚወርደው ውኃ ስንት ዲግሪ እንደሆነ የጠየቀ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከአሜሪካ ውጭም በሰፊው የሚሠራበት ዜድ 358.1 የተባለው የአሜሪካ መስፈርት፣ ውኃው ከ16 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለብ ያለ ሆኖ ለ15 ደቂቃ ሳይቋረጥ እንዲፈስ ይጠይቃል። ከ38 በላይ የሞቀ ውኃ ኬሚካሉ በቆዳና በዓይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያባብሳል፤ የቀዘቀዘው ደግሞ ሰውነትን ከማንዘፍዘፉም በላይ ተጎጂው ሳይጨርስ እንዲሸሽ ያደርገዋል። አልካሊ የሚባለው የኬሚካል ዓይነት ከአብዛኛው አሲድ ይልቅ ወደ ዓይን ጠልቆ የሚገባ ስለሆነ፣ ከዚሁ ወገን የሆነው ኮስቲክ ሶዳ የተረጨበት ሠራተኛ ብርዱ አስጨንቆት በሁለት ደቂቃ ቀና ቢል ታጥቧል ለማለት አይቻልም።

የእኛ አገር አየር ሁለቱንም ችግር ያመጣል። ደብረ ማርቆስ ላይ በታኅሣሥ ማለዳ ከሮቶ የሚወርደው ውኃ እጅ ያደነዝዛል። በአንጻሩ እኔ በምሠራበት ድርጅት ጥቁሩ ሮቶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ቧንቧውም ፀሐይ ላይ ስለተዘረጋ፣ በመጋቢት ከቀትር በኋላ መጀመሪያ የሚወርደው ውኃ ከ40 ዲግሪ ማለፉን በቴርሞሜትር ለክቼ አይቻለሁ። ጥቂት ከፈሰሰ በኋላ በረድ ይላል፤ ዓይኑ እየተቃጠለ ያለን ሰው ግን «እስኪበርድ ታገሥ» ማለት አይቻልም።

ለሙቀቱ ሮቶውን ጥላ ሥር ማድረግና ቧንቧውን መቅበር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ለብርዱ ማሞቂያ የሚያስገባ ድርጅት ግን ሙቁንና ቀዝቃዛውን የሚያደባልቅ፣ ቀዝቃዛው ሲቋረጥ ሙቁን የሚዘጋ ቫልቭ ካላስገጠመ ሌላ አደጋ ይጨምራል። ይህን ስል ውኃው ቀዘቀዘ ተብሎ መታጠቡ ይዘግይ ማለቴ አይደለም፤ ቀዝቃዛም ቢሆን ባለው ውኃ ወዲያውኑ መጀመር ይገባል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ ግዴታ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። የአሜሪካው መስፈርት መሣሪያው በየሳምንቱ ተከፍቶ እንዲፈተሽ ስለሚያዝ፣ በዚያው ፍተሻ አንድ ጊዜ በማለዳ፣ አንድ ጊዜ በቀትር ሙቀቱ ተለክቶ ይመዝገብ፤ ተቆጣጣሪዎችም መዝገቡን ከማየት ባሻገር ቴርሞሜትር ይዘው ይምጡ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ከምሥራቅ ጎጃም