ቁጭ ተብሎና እየተዘለለ የሚጫወቱት ጌም አንድ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ልጆችና ስክሪን ያወጣችሁትን አነበብኩ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ጌምን ሁሉ በጅምላ ኮነናችሁት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ያለው እኮ ቁጭ ተብሎ የሚታየውን ስክሪን ነው፤ እንቅስቃሴውንማ ቢያንስ 180 ደቂቃ ይሁን ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሊፕቲቪ የተባለው ከቲቪ ጋር የሚገጠም የልጆች መማሪያ ጌም ማጫወቻ ለምሳሌ እንቅስቃሴን የሚያይ ካሜራ ስለነበረው፣ ከ3 እስከ 8 ዓመት ያሉ ልጆች ቲቪው ፊት ቆመው እየተንቀሳቀሱ ይማሩበት ነበር። እንዲህ ባለ ጌም በቁጥር ላይ መዝለል ደግሞ ሰኞ ማክሰኞ ለተጫወተ ሰው ምን ብርቅ ነው?

የኔ ስጋት ሌላ ነው። ወላጅ ጌሙን ከፍቶ ዞር ሲል ልጁ ሶፋው ላይ ተጋድሞ እጁን ብቻ እያወዛወዘ ነጥብ ይሰበስባል፤ ልጅ መቼም ብልጥ ነው! እስቲ በሚቀጥለው የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንን አነጋግሩልን።

የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ