ትርፋማ ሥራ ይዘው ለምን «አይሆንም» ይባላሉ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቢዝነስ ገጻችሁ ስለ ስታርታፖች (ጀማሪ ኩባንያዎች) በሚወጡ ጽሑፎች አንድ ቅሬታ ተደጋግሞ ይነበባል። በእነዚህ ኩባንያዎች ድርሻ ይዘው ገንዘብ የሚያፈሱት የቬንቸር ካፒታል ድርጅቶች ኢትዮጵያዊ ሥራ ላይ እምነት የላቸውም፣ የሚያተርፍ ነገር እያዩ እንኳ ፊታቸውን ያዞራሉ የሚል ነው። ከፊሉ እውነት አለው። ሆኖም ውሳኔው በምን ሒሳብ እንደሚሰጥ ሳይነገር ስለሚቀር መሥራቾች የማይከፈት በር ሲያንኳኩ ወራት ያልፋሉ።

ድርጅቶቹ ፈንድ በሚባለው ቋት የሚያፈሱት ገንዘብ የራሳቸው አይደለም። ከልማት ፋይናንስ ተቋማት፣ ከጡረታ ፈንዶችና ከባለጠጋ ቤተሰቦች የተሰበሰበ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ዓመት ውስጥ ከነትርፉ ይመለሳል። 30 ሚሊዮን ዶላር የሰበሰበ ፈንድ እንውሰድ። በየዓመቱ 2 በመቶ ለሥራ ማስኬጃ ቢወሰድ በ10 ዓመት 6 ሚሊዮን ይሄዳል፤ የሚቀረው 24 ሚሊዮን ነው። ግማሹ ለተከታይ ዙር፣ ማለትም ኩባንያዎቹ እንደገና ገንዘብ ሲሰበስቡ ለመጨመር፣ ይቀመጥና 12 ሚሊዮኑ ለ20 ኩባንያዎች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 600 ሺህ ይደርሳል። ገንዘቡን የሰጡት ሦስት እጥፍ ማለትም 90 ሚሊዮን ይጠብቃሉ እንበል። ከ20ዎቹ ግማሽ ያህሉ ይከስማሉ፣ ሌሎቹ አብዛኞቹ የገባባቸውን መልሰው ትንሽ ቢጨምሩ ነው። ስለዚህ 60 ሚሊዮን ያህሉ ከአንድ ኩባንያ መውጣት ይኖርበታል። ፈንዱ ሲገባ 12 በመቶ ድርሻ ቢይዝ፣ በቀጣዮቹ ሁለት ዙሮች አዲስ ባለድርሻ እየገባ በየጊዜው በአንድ አምስተኛ ሲቀንስበት ወደ 8 በመቶ ይወርዳል። ይህ 8 በመቶ 60 ሚሊዮን እንዲያወጣ ኩባንያው በ750 ሚሊዮን ዶላር መሸጥ አለበት።

ፈንዱ በሚወስንበት ስብሰባ ላይ የሚጠየቀው እንግዲህ «ይህ ሥራ ያተርፋል ወይ?» ሳይሆን «ሁሉ ነገር ቢሳካለት እዚያ ዋጋ ላይ ሊደርስ ይችላል ወይ?» ነው። በዓመት 20 ሚሊዮን ብር የሚያተርፍ የሶፍትዌር ድርጅት ግሩም ሥራ ነው። ለዚህ ሒሳብ ግን አይሆንም፤ የሚያዋጣው ብድር ወይም ሸሪክ ነው። ባንኮቻችን ቤትና መኪና ካላስያዛችሁ ስለሚሉ ብቻ ወደ ቬንቸር ካፒታል የሚሰደደው ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ መወቀስ ያለበት ባንኩ ይመስለኛል።

የማጣሪያውን ጥበት ለመረዳት ጎምፐርስ፣ ጎርኖል፣ ካፕላንና ስትሬቡላዬቭ የተባሉ ምሁራን 885 የቬንቸር ካፒታል ባለሙያዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ይጠቅማል። አንድ ድርጅት ገንዘብ ለሚሰጠው ለአንድ ኩባንያ 100 ያህሉን ያያል። ከመሥራቾቹ ጋር የሚቀመጠው ከ28ቱ ጋር ነው። ለድርጅቱ ሸሪኮች ስብሰባ የሚቀርቡት 10፣ ጥልቅ ማጣራት የሚደረግባቸው 5 ያህል ናቸው። ስምምነቱ እስኪዘጋ በአማካይ 83 ቀን ይወስዳል። በራሱ ተነሥቶ ኢሜይል ከላከ መሥራች የተገኘው ኢንቨስትመንት ከ10 አንዱ ገደማ ነው፤ ቀሪው በሰው በሰው የመጣ ወይም ኢንቨስተሩ ራሱ ፈልጎ ያገኘው ነው። ከሲሊከን ቫሊ ወይም ከዋሽንግተን የሚያስተዋውቅ ዘመድ የሌለው ይጎዳል፤ ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው።

በዚሁ ጥናት 47 በመቶዎቹ ከሁሉ በላይ የሚመዝነው የመሥራቾቹ ቡድን ነው ብለዋል። ይህን ሰምቶ የዲግሪ ዝርዝር በስላይድ መደርደር የተለመደ ስህተት ነው። ቡድን የሚመዘነው በስልክ ነው፤ በአማካይ 10 ሰው ይጠየቃል፤ የቀድሞ አለቃ፣ ደንበኛ፣ ጥሎ የሄደ ሠራተኛ ሳይቀር።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁጥር ጥያቄ ብዙዎችን ይጥላል። መሥራቹ «50 ሺህ ተጠቃሚ ተመዝግቧል» ይላል፤ ኢንቨስተሩ ደግሞ በመስከረም ከገቡት 100 ደንበኞች በታኅሣሥ ስንቱ አሁንም ያዛሉ ይላል። የምግብ አድራሽ አገልግሎትን በምሳሌ እንየው። ትእዛዙ 700 ብር፣ ከምግብ ቤቱ የሚገኘው ኮሚሽን 15 በመቶ ወይም 105 ብር፣ የማድረሻ ክፍያው 80 ብር፤ ገቢው 185 ነው። ለሞተረኛው 110፣ ለክፍያ፣ ለኤስኤምኤስና ለጥሪ ማዕከል 25 ሲወጣ በትእዛዝ 50 ብር ይተርፋል። አንድ ሰው በወር ሁለቴ ቢያዝ 100 ብር ማለት ነው። ደንበኛውን ለማምጣት በማስታወቂያና በቅናሽ 400 ብር ከወጣ በአራት ወር ይመለሳል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ከ100ዎቹ በሁለተኛው ወር 40፣ በሦስተኛው 30፣ በአራተኛው 25 ብቻ ከቀሩ በአራት ወር የተሰበሰበው 19,500 ብር ነው፤ የወጣው 40,000። በዚህ ላይ ኢንቨስትመንት ሲጨመር ኪሳራው በፍጥነት ያድጋል እንጂ ሥራው አይድንም። ይህን ሠንጠረዥ ሳይጠየቁ የሚያሳዩ መሥራቾች፣ ቁጥሩ ደካማ ቢሆን እንኳ፣ የበለጠ ይታመናሉ።

የምንዛሪው ጉዳይ ደግሞ የእኛ ልዩ ፈተና ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ በዓመት 57 ሚሊዮን ብር የሚያስገባ ኩባንያ በኢንቨስተሩ መዝገብ 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። ዶላር 120 ብር ሲገባ ያው ገቢ 475 ሺህ ይሆናል። ባለበት ለመቆየት ብቻ ሽያጩን ከእጥፍ በላይ ማሳደግ ነበረበት። ስለዚህ የገቢው የተወሰነ ክፍል ከውጭ የሚመጣለት፣ ወይም ዋጋውን ቶሎ ቶሎ መከለስ የሚችል ሥራ ሚዛን ይደፋል። የአምስት ዓመት ትንበያ ሲዘጋጅ በአንድ ቋሚ ምንዛሪ መሥራት ገና በመጀመሪያው ገጽ ያስገምታል።

ሕጉም አለ። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ባለሀብት በአብዛኛው ለአንድ ፕሮጀክት ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር፣ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በሽርክና ከሆነ 150 ሺህ ዶላር እንዲያስገባ ተደንግጓል። ጀማሪዎች የሚፈልጉት የ50 ሺህ ዶላር ቼክ በቀጥታ እንዳይገባ ያደረገው አንዱ ይህ ወለል ነው። ብዙዎች በአሜሪካዋ ግዛት በዴላዌር እናት ኩባንያ ከፍተው ገንዘቡን እዚያ ይቀበላሉ። ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው የአሜሪካ ስታርታፕ አሳዳጊ በ2013 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ ገንዘቡ አሁን ተሰጥቶ ድርሻው በኋላ ዙር የሚወሰንበት ሴፍ የተባለው አጭር ውልም የተቀረጸው ለዚያ ዓይነት ኩባንያ ነው፤ አራት ኪሎ የተመዘገበ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ላይ እንዲሁ ለጥፎ መፈረም ጣጣ ያመጣል። ከዚያም የአገር ቤቱ ድርጅት በእናት ኩባንያው ሥር ሲገባ የውጭ ባለሀብት ድርጅት ስለሚሆን የካፒታል ወለሉ ተመልሶ ይመጣል፤ ዘርፉ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ የተተወ ከሆነ ጭራሽ ይዘጋል። መዋቅሩ መሠራት ያለበት ከኢንቨስተር ጋር ከመነጋገር በፊት፣ ከጠበቃ ጋር ነው።

ስምምነት የሚያፈርሱት የወረቀት ጉድለቶች ግን ከዚህም የቀለሉ ናቸው። ለምሳሌ መጀመሪያ 300 ሺህ ብር የሰጠ ዘመድ 40 በመቶ ይዟል። ሥራውን ጥሎ የሄደ መሥራች 25 በመቶ እንደያዘ ነው፤ ምክንያቱም ድርሻ በአራት ዓመት ቀስ በቀስ እንዲገኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርስ የወጣም ባዶ እጁን እንዲሄድ የሚያደርግ ውል አልነበረም። መተግበሪያውን የጻፈው ሰው መብቱን ለድርጅቱ በጽሑፍ አላስተላለፈም። የደንበኞች ክፍያ በመሥራቹ የግል ቴሌብር ይገባል። ከሁሉ የከፋው፣ ለገቢዎች የቀረበው ሒሳብና ለኢንቨስተሩ የሚታየው ሲለያይ ነው። ሁለት መዝገብ ያለው ድርጅት ነገ ከነወለዱና ከነቅጣቱ የሚመጣ የግብር ዕዳ ይዞ ነው የሚሸጠው፤ ማንም ፈንድ ያንን አይገዛም።

የካፒታል ወለሉ ከፍ ያለባቸው መሥራቾች አንድ መንገድ ግን አላቸው። የኢትዮጵያዊ ተወላጅነት መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን የያዙ የውጭ ዜጎች እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መስተናገድ ስለሚችሉ 10 ወይም 20 ሺህ ዶላር ይዘው መግባት ይችላሉ። ለመጀመሪያው ዓመት ይህ ከፈንድ ይልቅ ይቀርባል፤ ፈንዱ ከጊዜ በኋላ የሚያየው ታሪክም በዚያ ይሠራል።

መሥራቹም የመጠየቅ መብት አለው። ፈንዶች አዲስ ኩባንያ ላይ ገንዘብ የሚያፈሱት በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው፤ ሰባተኛ ዓመቱን የያዘ ፈንድ ስብሰባ ቢጠራም የቀረው ገንዘብ ለቀድሞዎቹ ኩባንያዎች የተያዘ ነው። ስብሰባውን የሚያደርገው ወጣት ባለሙያም አብዛኛውን ጊዜ በኢንቨስትመንት ኮሚቴው ድምፅ የለውም። «ፈንዱ ስንተኛ ዓመቱ ነው? ባለፉት 12 ወራት ለስንት አዲስ ኩባንያ ገንዘብ ሰጣችሁ? ትንሹ ስንት ነበር?» ብሎ በመጀመሪያው ቀን መጠየቅ ነውር የለውም። መልሱ ዜሮ ከሆነ ቡናውን ጠጥቶ መነሣት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከዘርፉ ባለሙያዎች አንዱ
አዲስ አበባ