ለደሴ በረራ አብራሪዎች መታሰቢያ ድንጋይ እናቁምላቸው

ሰላም የወሎ ልጆች፣ ደሴም ኮምቦልቻም ጅዳም ቤሩትም ያላችሁ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያን ደሴን በቦምብ ሲደበድብ ጃንሆይ መትረየስ ይዘው የተነሱትን ፎቶ ያላየ የለም፣ ቀይ መስቀል እያለበት የተመታውን የአሜሪካኖች ሆስፒታል ነገርም ከአያቶቻችን ሰምተናል። ግን ከአዲስ አበባ ደሴ ሰውና መልእክት ሲያመላልሱ የነበሩትን አብራሪዎች ስም የሚነግረኝ ወጣት እስኪ ፈልጋችሁ አምጡልኝ።

አውሮፕላኖቻችን እኮ ቢበዛ ደርዘን ቢሆኑ ነው፣ ያረጁ፣ ለውጊያ የማይሆኑ፣ ጣሊያን በመቶዎች አሰልፎ እያለ እነሱ በዛ ተራራ መሀል ይበሩ ነበር። ጆን ሮቢንሰን የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ ከቺካጎ ድረስ መጥቶ ነው አየር ኃይላችንን የመራው፣ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ልጆቻችንን አሰልጥኗል፣ በ1946 በአውሮፕላን አደጋ ቆስሎ አዲስ አበባ ሞተ። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደግሞ የቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበር ነበር፣ በ60ዎቹ ድርቅ ተመልሶ በትንንሽ አውሮፕላን እህል ሲያወርድ የነበረውም እሱ ነው፣ 1969 ጎዴ ላይ ተገደለ። በ1923 የመጀመሪያ ኢትዮጵያዊ አብራሪ የሆኑት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊም ድንጋዩ ላይ ይኖራሉ፣ ካለነሱማ ምን ታሪክ አለ።

አንዳንዱ «የፈረንጅ ስም ለምን ይጻፋል» ብሎ ተነጫንጯል። ለኛ ብሎ እዚህ አገር የሞተን ሰው ዘሩን የምንቆጥር ከሆነማ ወሎዬነታችን ምኑ ላይ ነው? ደግሞ «መንገዱ ሳይሠራ ሐውልት» ያላችሁም አላችሁ፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን መንገዱን በዚህ ብር አንሠራውም።

ቦታው ሽማግሌዎቻችን ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት ነበር የሚሉት ሜዳ ዳር ነው። ግንበኞቻችን በነጻ እንሠራለን ብለዋል፣ አላህ ይስጣቸው፣ የጎደለው ሲሚንቶ፣ እብነ በረድ፣ የስም ቀረጻና አጥር ነው። ሼኻችንም ቄሳችንም ኮሚቴው ውስጥ አሉ፣ ብሩ በእድሩ ስም ንግድ ባንክ ይገባል፣ ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም። ቴሌብር የሚቀላችሁ በሱ፣ 50 ብርም ቢሆን ይቆጠራል፣ ብር የሌለው ችግኝ ያምጣ ወይ ቅዳሜ መጥቶ ይቆፍር። አያቱ የዛን ጊዜ ፎቶ ያስቀመጠለት ካለም ኮፒ አድርገን እንመልሳለን። ለዘንድሮው ኅዳር 26 እንድናደርሰው እስከ ጥቅምት መጨረሻ ላኩ፣ እድሩ ቢሮ በአካል የምትከፍሉ ደግሞ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።