ውድ ሻንጣ ያዋጣል ወይ?

ሰላም አዘጋጆች፣

ሰሞኑን ሰው ሁሉ ስለ ውድ ሻንጣ ያወራልና እኔም የሚሰማኝን ልናገር። ከ1898 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የጀርመኑ ሪሞዋ ትልቁን የአሉሚኒየም ሻንጣ ከ1,000 ዶላር በላይ ይሸጠዋል። ጥንካሬው አያጠያይቅም፣ ከ2022 ወዲህ ለተገዙት የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው። ግን ባዶውን ወደ 6 ኪሎ ይመዝናል! ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለሚመጣና በአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ብቻ ለተፈቀደለት ሰው፣ ለእናቱ የያዘው ጫማና ብርድ ልብስ ሚዛኑ ጋ ሲደርስ ወጥቶ መሬት ላይ ይዘረገፋል ማለት ነው፤ ይሄ በጣም ያናድደኛል። በየሳምንቱ ለሥራ የሚበር ይግዛው፣ ያዋጣዋል። በዓመት አንዴ ለሚመጣ ግን ቀለል ያለ፣ ጎማው የሚቀየር ሻንጣ ይበቃዋል። ስትገዙ እጀታውን እስከ መጨረሻ ስባችሁ ወዝውዙት፤ ከተንቀጫቀጨ ተዉት።

አንባቢያችሁ