የዘጋሁብሽ ስልክ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሳልዋሽሽ «ደህና ነኝ» ስል ከ2 ዓመት ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ በቪዲዮ አይተሽኝ «ፊትሽ ሞላ፣ አገሩ ተስማማሽ» ብለሽ እልል ያልሽው ትዝ ይልሻል? ጎረቤት ጠርተሽ አሳየሽኝ። የሞላው በፕሬድኒዞን ነበር። አስሜ በተነሣ ቁጥር የሚሰጡኝ ክኒን ነው፤ ትንፋሽ ይመልሳል፣ ሲደጋገም ግን ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል። ስልኩን ቶሎ እዘጋብሽ የነበረውም ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ትንፋሽ አጥሮኝ ዓረፍተ ነገር መጨረስ እያቃተኝ ነበር።

እዚህ ብርዱ ሲገባ የሳንባ ሐኪም ዘንድ ተላክሁ። ሐኪሟ ምንም ሳታዝዝ «እስቲ ኢንሄለርሽን ስትስቢ ልይሽ» አለችኝ፤ ያን በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ማለቷ ነው። አፈርሁ። 6 ዓመት ሙሉ ስጫነውና ስስበው አይገጣጠምም ኖሯል! መድኃኒቱ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር። እሱ ተስተካክሎም፣ በሥራ ቦታ ከበረኪናው ርቄም፣ በሽታው አልበረደም። ደሜ ሲመረመር ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ በዝቶ ተገኘ፤ የአየር ቧንቧዬን የሚያስቆጣው እሱ ነው። ስለዚህ ሜፖሊዙማብ የሚባል መርፌ ተጨመረልኝ፦ 100 ሚሊግራም፣ በየ4 ሳምንቱ፣ ከቆዳ ሥር። እነዚያን ሕዋሳት የሚያበዛውን የሰውነት መልእክት ያግዳል። ጭኔን ራሴ ነኝ የምወጋው፤ ብታዪኝ ዓይንሽን ትሸፍኚ ነበር። ዋጋውን አትጠይቂኝ፤ ኢንሹራንስ ባይኖረኝ ደመወዜ አይችለውም።

ይኸው 5 ወር ሆነኝ፣ ክኒኑን አንድ ቀንም አልዋጥሁም።

«ተጨመረልኝ» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ለወንድሜ «እህትህ በመርፌ ዳነች» ብለሽ እንዳትነግሪው። የየዕለቱን ኢንሄለር አልተውሁም፤ መርፌውም ድንገት ለተነሣ አስም አይደርስም። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ለራሱ አስም ሰማያዊውን ኢንሄለር፣ ቬንቶሊንን፣ ብቻ ይዞ መኖሩ ነው። ያ የአየር ቧንቧውን ለሰዓታት ይከፍትለታል እንጂ የውስጡን ቁጣ አያበርድም። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንደ ቤክሎሜታዞን ያለ በየቀኑ የሚሳብ መድኃኒት ይጠይቅ። በትክክል ከወሰደው ብዙ ሰው በዚያው ይረጋጋል፤ የእኔ ዓይነቱ ጥቂት ነው። ኢንሄለሩ ላይ ተገጥሞ መድኃኒቱን ለመሳብ የሚያመቸውን ባዶ ቱቦ እስክልክለት ድረስ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ግርጌው በኢንሄለሩ አፍ ልክ ይበሳለትና ኢንሄለሩን እዚያ ሰክቶ በፕላስቲኩ አንገት በኩል ይሳብ። ቤክሎሜታዞኑን ከሳበ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ።

ዕጣኑንም፣ እማዬ፣ እሱ ቤት ሲኖር ተዪው። ያለ ዕጣን ቡና ምን ቡና ነው እንደምትዪ አውቃለሁ።

እሑድ ቡናው ሲፈላ እደውላለሁ። እስከ በረካው አልዘጋውም።

ልጅሽ