ለአዳራሻችን ሉፕ እናዋጣ

ሰላም ወዳጆች፣ ሉፕ የምንለው የማይኩን ድምፅ በቀጥታ ወደ መስሚያ መሣሪያ የሚያደርስ፣ በአዳራሹ ዙሪያ የሚዘረጋ ሽቦ ነው።

እናቴ የመስሚያ መሣሪያ ካደረገች በኋላ ቤት ውስጥ ከእኛ ጋር እንደ ድሮው መጫወት ጀመረች። አዳራሻችን ስንሰበሰብ ግን፣ ተናጋሪው ማይክ ይዞም ቢሆን፣ «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ አይለይልኝም» ትል ነበር። በኋላ ጭራሽ መምጣቱን ተወችው። እኔ መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። አልተበላሸም።

በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ችግር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚወስደው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፣ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉትን። ቃልን ከቃል የምንለየው ደግሞ በእነሱ ነው። መሣሪያው ድምፅ ያጎላል፤ ማይክሮፎኑ ያለው ግን እናቴ ጆሮ ላይ ነው፣ ተናጋሪው ደግሞ ከአዳራሹ ወዲያ ጫፍ፣ ስለዚህ የግድግዳው ማስተጋባትና የወንበሩ መንቋቋትም አብረው ይጎላሉ።

ሉፕ የሚያስተካክለው ይሄንን ርቀት ነው። የመዳብ ሽቦ በአዳራሹ ዙሪያ ተዘርግቶ፣ ከማይኩ ድምፅ ከሚቀበል አምፕሊፋየር ጋር ይገናኛል። ሽቦው መግነጢሳዊ ሞገድ ይፈጥራል፤ በመስሚያ መሣሪያው ውስጥ ያለችው ቴሌኮይል የምትባል ትንሽ ጥቅልል ሽቦ ሞገዱን ትቀበልና ተናጋሪው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ያህል ይሰማል። ሁሉም መሣሪያ ቴሌኮይል የለውም። ያላቸውም አንዳንዶቹ ባለሙያ ካልከፈተላቸው አይሠሩም፣ እባካችሁ የእናንተን አስጠይቁ።

የምናዋጣው ለሽቦውና ለአምፕሊፋየሩ፣ ቴሌኮይል ለሌላቸው ሰዎች ለሚሆኑ ጥቂት መቀበያዎች ከነጆሮ ማዳመጫቸው፣ እንዲሁም አስቀድሞ አዳራሹን ለሚለካ ባለሙያ ነው። ልኬቱን እንዝለለው ያላችሁ አላችሁ። እኔ አልስማማም፤ ወለልና ጣሪያ ውስጥ ያለ ብረት ሞገዱን ያዳክመዋል፣ ገንዘቡ ወጥቶ የማይሠራ ነገር ቢዘረጋ ሁላችንንም ያሳዝናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ የሚሻ የመስማት ችግር ያለባቸውን ሰዎች ከ430 ሚሊዮን በላይ ያደርሳቸዋል። እኛም ውስጥ ሳይሰሙ አንገታቸውን እየነቀነቁ የሚወጡ አሉ።

ትንሽም ብትሆን ያላችሁን ስጡ። ሽቦ መዘርጋት የምትችሉ ጉልበታችሁን አምጡ። እያንዳንዱን ወጪ ከነደረሰኙ እናሳያችኋለን። መስማት የሚያስቸግራችሁ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የት መቀመጥ እንደምትወዱ ለአስተባባሪዎቹ በጆሯቸው ንገሩልን፣ ስማችሁ አይነሳም፤ ባለሙያው መለካት የሚጀምረው ከዚያ ቦታ ነው።